ሃርድ ዲስኬ ቶሎ ቶሎ «ጠቅ» ይላል፤ ሴቲንጉን እንዴት ላስተካክለው?

ጤና ይስጥልኝ። የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ፣ ጨንቆኛል።

ላፕቶፔ አሮጌ ነው። ውስጡ ያለው የሚሽከረከረው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ነው። የእናቴ ፎቶዎች በሙሉ ያሉት እዚያ ላይ ነው። ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ከመዳፌ ስር «ጠቅ» ይላል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ጠቅ»። ስማርት የሚባለውን፣ ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት የሚመዘግበውን መረጃ ከፍቼ አየሁ። ቁጥር 193፣ ማለትም የማንበቢያው ራስ ስንት ጊዜ ወደ ማረፊያው እንደሄደ የሚቆጥረው፣ 287,000 ደርሷል። በአንድ ቀን ብቻ 900 ጨመረ! የላፕቶፕ ዲስክ ብዙ ጊዜ የሚሠራው 300,000 ወይም 600,000 ጊዜ እንዲችል ተደርጎ ነው። የእኔ የትኛው እንደሆነ አላገኘሁም።

የምጠቀመው በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ የሚባለውን ሲስተም ነው። ኤችዲፓርም በሚባለው የዲስክ ማስተካከያ ትእዛዝ የኤፒኤም ደረጃውን፣ ማለትም የዲስኩን የኃይል ቁጠባ ደረጃ (ቁጥሩ ሲጨምር ቁጠባው ይቀንሳል)፣ 254 ሳደርገው ድምፁ ጠፋ። እፎይ አልኩ። ላፕቶፑን አጥፍቼ ስከፍተው ግን 128 ላይ ተመልሶ አገኘሁት።

እንዴት አድርጌ ቋሚ ላድርገው? ደግሞ በየቀኑ ታክሲ ውስጥ ይዤው ነው የምሄደው፤ አንዳንዴም ጭኔ ላይ ከፍቼ እሠራለሁ። የማንበቢያው ራስ ማረፊያው ላይ ካላረፈ መንገጫገጩ ዲስኩን አይጎዳውም? ለቤት 254፣ ለመንገድ 128 እንዲሆን ማድረግ ይቻል ይሆን? ፎቶዎቹን ወደ ፍላሽ መገልበጥ ጀምሬያለሁ፤ ገና ግማሽ ላይ ነኝ።