«ኖ-ላይ» የሚል ሪላክሰር ለልጅ ይሆናል?

ጠያቂዋ፦
ሰላም እህቶች። ሪላክሰር (ፀጉር ማለስለሻ ክሬም) የጀመርኩት በ12 ዓመቴ ነው፣ አሁን 31 ሞልቶኛል። በየሁለት ወሩ እቀባለሁ። ባለፈው ሳምንት ከጆሮዬ ጀርባ ሲያቃጥለኝ ትንሽ ልቻለው፣ ስሩን ደህና አድርጎ ይያዘው ብዬ ቆየሁ። ጠዋት ስነሳ ትራሴ ላይ ቢጫ ፈሳሽ አየሁ። አሁን ቅርፊት ሠርቷል፣ ማበጠሪያ ሲነካው እንባዬ ይመጣል። የእኔስ ይሁን። የ8 ዓመት ልጄ ግን «የኔንም እንዳንቺ አለስልሺልኝ» እያለች አስጨንቃኛለች። ካርቶኑ ላይ የልጅ ፎቶ ያለበት፣ «ኖ-ላይ» የሚል ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ልቀባት? ካንሰር ያመጣል የሚባለውስ እውነት ነው ወይስ ወሬ?

ኬሚስቷ፦
እህቴ፣ በናትሽ እንዳትከፍቺው። «ኖ-ላይ» ማለት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የለበትም ማለት ብቻ ነው። እሱ የተደፈነ ቱቦ መክፈቻ ውስጥ የሚገባው ኬሚካል ነው። በምትኩ ብዙ ጊዜ ካርቶኑ ውስጥ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ያለው ክሬምና ጓኒዲን ካርቦኔት ያለው ፈሳሽ ለየብቻ ታገኛለሽ። ሁለቱን ስትቀላቅያቸው ጓኒዲን ሃይድሮክሳይድ ይሆናሉ፣ እሱም ያቃጥላል። የሪላክሰር ፒኤች (የአሲድና የአልካሊ መለኪያ) ብዙውን ጊዜ ከ12 በላይ ነው፣ የቆዳችን ግን 5 አካባቢ። ክሬሙ ፀጉርን የሚያቃናው የፀጉሩን ፕሮቲን አያይዞ የያዘውን የሰልፈር ማሰሪያ በጥሶ ነው። ቆዳም ፕሮቲን ነው፣ ክሬሙ ደግሞ አይለይም። ስለዚህ ሲያቃጥልሽ እየያዘ ሳይሆን ቆዳሽን እየበላው ነው፣ ወዲያው ታጠቢው። ቅርፊቱን አትላጪው፣ መግል ከያዘ ወይም እዚያ ቦታ ፀጉር መብቀል ካቆመ ለቆዳ ሐኪም አሳዪ።

ነርስ ነኝ፦
የካንሰሩ ነገር ወሬ አይደለም፣ ግን በልኩ እንናገረው። በ2022 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት አለ፣ 33,497 ሴቶችን ወደ 11 ዓመት ተከታትሏል። ፀጉር ማለስለሻ ጨርሶ የማይጠቀሙት እስከ 70 ዓመታቸው በማህፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው 1.64 በመቶ ሲሆን፣ በዓመት ከ4 ጊዜ በላይ የሚጠቀሙት 4.05 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። የፀጉር ቀለም ላይ ይሄ ግንኙነት አልታየም። ግንኙነት መታየቱ ምክንያቱ እሱ ነው ማለት አይደለም፣ ካንሰሩም ብዙ ሰው የሚይዝ አይደለም፣ ስለዚህ አትደንግጪ። ግን አንቺ በየሁለት ወሩ ስትቀቢ በዓመት 6 ጊዜ ነው። ከሚጠረጠሩት ውስጥ ፓራቤንና ፍታሌት የሚባሉ ኬሚካሎች ይገኙበታል፣ የሆርሞን ሥራ ያዛባሉ። ፍታሌት ብዙ ጊዜ «ሽቶ» በሚለው ቃል ስር ስለሚገባ ካርቶኑን ብታነቢም ላታገኚው ትችያለሽ። የቆሰለ የራስ ቆዳ ደግሞ ከደህናው ይልቅ ኬሚካል ያስገባል። ለ8 ዓመት ልጅ፣ ሰውነቷ ገና ሳይጎለምስ፣ እኔ በፍጹም አላደርገውም። አንቺም ከወር አበባሽ ውጪ ደም ካየሽ ሳትቆዪ ሐኪም ጋ ሂጂ።

ለምለም፦
ሪላክሰር ትተሽ ወደ ኬራቲን (በካውያ ሙቀት ወደሚሠራው ማለስለሻ) እንዳትሄጂ ብቻ! እኔ ሄጄ ነበር። ካውያው ፀጉሬን ሲነካ የሚወጣው ጭስ ዓይኔን አቃጥሎ አስለቀሰኝ፣ ፀጉር ሠሪዋም ስታስል ነው የዋለችው። በኋላ ሳጣራ አንዳንዱ ኬራቲን ሲሞቅ ፎርማልዴሃይድ የሚባል ጋዝ ይለቃል፣ ሜቲሊን ግላይኮል ከተጻፈበት ያው እሱው ነው። ፎርማልዴሃይድ ካንሰር አምጪ መሆኑ የተረጋገጠ ነገር ነው። የኔስ የአንድ ቀን ነው፣ ፀጉር ሠሪዋ ግን በየቀኑ ትስበዋለች። ግላይኦክሲሊክ አሲድ ያለበትን ማለስለሻ ከተቀቡ በኋላ ኩላሊታቸው የተጎዳ ሴቶችም አሉ።

ጠያቂዋ፦
ተባረኩ። ካርቶኑን ገልብጬ አነበብኩት፣ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይላል፣ ጓኒዲንም አለ። አልቀባትም። ግን እኔ እየተቀባሁ እሷን እምቢ ስላት ምን ልበላት?

ነርስ ነኝ፦
ከጆሮሽ ጀርባ ያለውን አሳያት። የ8 ዓመት ልጅ ይገባታል። ከዚያ የሚቀጥለውን ቅብ አንቺም ዝለዪው፣ አብራችሁ ሹሩባ ተሠሩ።