«ቼክ ያስራል፣ ስክሪንሾት አያስርም»

ባለመጋዘኑ፦ ትናንት አንዱ እዚህ «በዚህ ዘመን ቼክ የሚቀበል ነጋዴ ሙዚየም ይግባ፣ ሰው በስልኩ እየከፈለ ነው» ብሎ ጽፎ ስንቱ አጨበጨበለት። ሲሚንቶና ብረት በጅምላ የምሸጥ ሰው ነኝ። ሙዚየም የሚገባ ካለ እኔ ነኝና ልመልስ። አንድ ኩንታል የሚገዛኝ በቴሌብር ይክፈል፣ ደስ ይለኛል። አንድ ኮንትራክተር ግን መኪና ሙሉ ጭኖ «ክፍያ ሲለቀቅልኝ በወር ውስጥ እሰጥሃለሁ» ሲለኝ ምን ልያዝበት? ቼክ ያስራል፣ ስክሪንሾት አያስርም። አለቀ።

ፒክስል፦ ሙዚየም ያልኩት እኔ ነኝ፣ አልሸሽም። ግን ጋሼ የጻፉትን ልብ በሉልኝ። ቼክ ያስከፍላል አላሉም። ያስራል ነው ያሉት። ሰውየውን አሳስረው ሲሚንቶዎን ከእስር ቤት ሊጭኑ ነው?

ባለመጋዘኑ፦ ማንን ላሳስር ብዬ! እንደሚታሰር ሲያውቅ ይከፍላል ነው የምልህ። አንተ ከሰው ጋር በዱቤ ሠርተህ ታውቃለህ?

ሐዋሳ፦ ጋሼ ልክ ናቸው። የስልክ ዕቃ ሱቅ አለኝ። ቅዳሜ ማታ፣ ሱቁ ጢም ባለበት ሰዓት፣ ሁለት ልጆች ቻርጀርና ኤርፎን አስቀርበው ከፍለናል ብለው ስክሪናቸውን አሳዩኝ። ስሜ እስከ አያቴ በትክክል ተጽፏል። የግብይት ቁጥር አለው፣ ሰዓት አለው፣ አረንጓዴ ምልክት አለው። እኔ ስልክ ላይ ግን ምንም አልገባም። «ኔትወርክ ነው፣ ይገባል» አሉኝ። እስከ ዛሬ አልገባም።

ፒክስል፦ ስክሪንሾት ክፍያ ነው ያለህ ማን ነው? መልእክቱ እስኪገባልህ ዕቃውን አትስጥ። ካልገባ ሂሳብህን ከፍተህ እይ። ጋሼ ቼክን ያወዳደሩት ከትራንስፈር ጋር አይደለም፣ ከፎቶ ጋር ነው። ፎቶንማ ቼክም ያሸንፋል።

ባለመጋዘኑ፦ «ሂሳብህን ከፍተህ እይ» ማለት ቀላል ነው። «ሲስተም የለም» በተባለ ቀንስ ምኑን ልየው?

ሒሳብ ክፍል፦ በዚያ ቀን ቼክዎን ማን ይመነዝርልዎታል? መስኮት ላይ የተቀመጠችው ልጅ ሂሳብ የምታየው በዚያው ሲስተም ነው። እሷም «ሲስተም የለም» ብላ ነው የምትመልስዎት። ድርጅት ውስጥ ቼክ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ስንቱ እንደሚመለስ ልንገራችሁ? ፊርማው ከናሙናው ጋር አልተመሳሰለም ተብሎ ይመለሳል። በአኃዝ የተጻፈውና በፊደል የተጻፈው ተለያየ ተብሎ ይመለሳል። አንዴ አለቃዬ ቸኩሎ ሲፈርም የስሙን ጭራ ሳይጨርስ ተወውና ገንዘቡ ሞልቶ ሳለ ቼኩ ተመለሰ። አቅራቢው ደውሎ ደረቅ ቼክ ሰጣችሁኝ ብሎ የሰደበኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

ጠበቃ በትርፍ ሰዓት፦ «ያስራል» የምትሉት የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ነው። ስንቅ፣ ማለትም ሂሳቡ ላይ በቂ ገንዘብ፣ እንደሌለው እያወቀ ቼክ የሰጠ ሰው ቀላል እስራት፣ እንደ ነገሩ ክብደትም እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። መቀጮም አለበት። በቸልተኝነት ከሆነ ቅጣቱ በጣም ይቀልላል። ስለዚህ ነገሩ ቼኩ ተመለሰ፣ ሰውየው ታሰረ አይደለም። ሰጪው ሲሰጥህ «አሁን ሂሳቤ ባዶ ነው፣ በወር ውስጥ ይገባበታል» ብሎህ ከሆነ፣ ያንን እያወቅክ ተቀብለህ ከሆነ፣ ችሎት ላይ ተከላካዩ መጀመሪያ የሚያነሳብህ ይህንኑ ነው። ጋሼ ደግሞ አሁን በአደባባይ ጻፉት።

ፒክስል፦ ሃሃሃ፣ ጋሼ በገዛ እጃቸው ቃላቸውን ሰጡ!

ባለመጋዘኑ፦ ጠበቃ ሁሌ እንዲህ ነው። ከሳሹንም ያስፈራራል፣ ተከሳሹንም ያስፈራራል፣ ከሁለቱም ይቀበላል።

ጠበቃ በትርፍ ሰዓት፦ እኔ ለዚህኛው አላስከፈልኩም። ቼክ ዋጋ የለውም አላልኩም ደግሞ። በፍትሐ ብሔር በአጭር ሥነ ሥርዓት ትከሳለህ፣ ከተራ ውል በፍጥነት ያልቃል። ያ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ብቻ ቼኩን ባንክ ማቅረቢያ ጊዜው በ1952ቱ የንግድ ሕግ 6 ወር ነው። መሳቢያ ውስጥ እያሳደራችሁ በኋላ አትምጡብኝ።

ታዛቢ፦ ስልክ ስልክ የምትሉ ሰዎች መጋቢት 6 ቀን 2016ን ረሳችሁት? የንግድ ባንክ ሲስተም ሌሊቱን ተበላሽቶ ሰው የሌለውን ገንዘብ ሲያወጣና ሲያስተላልፍ አደረ። ባንኩ ራሱ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው አለ። ይሄ ነው ዘመናዊነት?

ፒክስል፦ አብዛኛው ተመልሶ የለ! ለምን ተመለሰ? ማን ምን ያህል በስንት ሰዓት እንደወሰደ አንድ በአንድ ተመዝግቧል። ያልመለሱት ስማቸውና ፎቷቸው ተለጠፈ። አሁን ንገሩኝ፣ ኤሌክትሮኒክሱ አሳሰረ ወይስ አላሳሰረም?

ታዛቢ፦ ተማሪን ፎቶውን ለጥፎ ማዋረድን እንደ ድል ትቆጥረዋለህ? እነዚያ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ልጆች እኮ ናቸው።

ሐዋሳ፦ ታዛቢ፣ በዚያ ሌሊት ግቢ ነበርክ እንዴ? ተቆርቋሪነትህ በዛ።

ታዛቢ፦ ብኖርስ? ያለኝን 300 ብር ነው ያወጣሁት።

ሐዋሳ፦ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አሜሪካ የቤት ኪራይ እስከ ዛሬ በወረቀት ቼክ ካልሆነ የማይቀበል አከራይ አለ። መንግሥት ግን ከሴፕቴምበር 30፣ 2025 ጀምሮ የወረቀት ቼክ መላክ በአብዛኛው አቁሟል። ጡረታው በቼክ ይመጣለት የነበረ ሽማግሌ የባንክ ሂሳብ አስመዝግብ ተብሎ ሲሯሯጥ ነው የከረመው። የእንግሊዝ ባንኮች ደግሞ በፈረንጆቹ 2009 «በ2018 ቼክ ይቀራል» ብለው ወስነው፣ አዛውንቱና የበጎ አድራጎት ድርጅቱ ስለጮኸ በ2011 ሐሳባቸውን ሰርዘዋል። ዝም ብሎ በአዋጅ የሚጠፋ ነገር አይደለም ለማለት ነው።

ባለመጋዘኑ፦ ይኸው! እንግሊዝም ሙዚየም ትግባ በላት።

ፒክስል፦ ዳያስፖራዎች ሁሌ «እዚህ አሜሪካ» ይላሉ። እዚያ ቼክ የቀረው ድሮ ለምደውት ነው። እኛ ምን ያስለመደን ነገር አለ? አባቴ ዕድሜ ልኩን ቼክ በእጁ ይዞ አያውቅም፣ ዛሬ በቴሌብር ይልካል። ቴሌብር ከተጀመረ እኮ ገና ከ2013 ነው። በ2015 አዲስ አበባ ላይ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ ሲባል «የታክሲ ሹፌር እንዴት ይችለዋል» ተብሎ ተጮኸ። ቻለው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኔ ላንተ የሚጠቅም መረጃ ሰጠሁ እንጂ ማንንም አልደገፍኩም። ሲፈልጋችሁ «ዶላር ላክልን»፣ ሐሳብ ስንሰጥ «ዳያስፖራ»።

የእድር ገንዘብ ያዥ፦ እዚህ ክርክር ውስጥ የማልገባ ነበርኩ። የእድራችን ሂሳብ ሦስት ፈራሚ አለው፣ ሊቀመንበሩ፣ ጸሐፊዋና እኔ። ሦስታችን ካልፈረምን ሳንቲም አይወጣም። ሐዘን ሲደርስ በሌሊት ቼክ ይዤ ሦስት ቤት አንኳኳለሁ። ይደክማል። ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ገንዘብ ጎደለ ተብሎ አያውቅም። ገንዘቡ ስልክ ላይ ይሁን ብትሉኝ በማን ስልክ? የይለፍ ቁጥሩን የያዘ ሰው ብቻውን ያዛል። ያ ሰው እኔ ብሆን እንኳ አልቀበልም።

ሒሳብ ክፍል፦ እናቴ፣ ለድርጅት የሚሆን የሞባይል አገልግሎት ያላቸው ባንኮች አሉ። አንዱ ክፍያውን ያዘጋጃል፣ ሌላው ካላጸደቀው አይሄድም። ያው ጣምራ ፊርማ ማለት ነው።

የእድር ገንዘብ ያዥ፦ ሊቀመንበራችን የያዙት ባለ ቁልፍ ስልክ ነው ልጄ። መልእክት ሲመጣላቸው የልጅ ልጃቸው ነው የሚያነብላቸው። ያኔ ልጁ አራተኛ ፈራሚ ሆነ ማለት ነው።

ፒክስል፦ ለእድሩ እሺ፣ ቼክ ይቅርላቸው። ለጋሼ ግን አይሆንም።

ባለመጋዘኑ፦ አንተ ነህ የምትፈቅድልኝ?

ሒሳብ ክፍል፦ እኔ አንድ ነገር ልበል፣ ጋሼ አይቆጡኝ። እርስዎ የሚከራከሩት ስለ ክፍያ አይደለም፣ ስለ ዱቤ ነው። ቼኩን መያዣ አድርገውታል። ኮንትራክተሩ ገንዘብ ቢኖረው ዛሬውኑ ያስተላልፍልዎት ነበር። ስለሌለው ነው ቼክ የሚጽፈው። ቀኑንም ክፍት አድርጎ ነው የሚሰጥዎት፣ እርስዎም መሳቢያ ውስጥ ይቆልፉበታል። ያ ሽያጭ ደግሞ ቼኩ እስኪመነዘር ድረስ ገቢዎች ዘንድ የለም። ትራንስፈር የሚጠላበት አንዱ ምክንያት ይሄ አይደለም በሉኝ እስቲ።

ባለመጋዘኑ፦ የኔን መሳቢያ ማን አሳየሽ? ደረሰኝ ቆርጬ ነው የምሸጠው። ቼክም በባንክ ነው የሚያልፈው፣ ከገቢዎች የሚደበቅ ነገር የለውም።

ሒሳብ ክፍል፦ ባንክ ከገባ አዎ። እኔ ያልኩት ሳይገባ ስለሚከርመው ነው።

ታዛቢ፦ ጎበዝ! ቆይ ግን ዱቤ ከሌለ ግንባታ እንዴት ይሠራል? ቼክን አጥፉ የምትሉ፣ ኮንትራክተሩ በምን ይያዝ?

ፒክስል፦ በውል።

ባለመጋዘኑ፦ በውል! ውል ይዘህ ስንት ዓመት እንደምትመላለስ ጠበቃውን ጠይቀው።

ጠበቃ በትርፍ ሰዓት፦ እኔን አትጨምሩኝ።

ሐዋሳ፦ የቻርጀሬን ጉዳይ የሚያይልኝ ጠበቃስ የለም?

ባለመጋዘኑ፦ ጠበቃው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያ 6 ወር ያልከው የሚቆጠረው ቼኩ ላይ ከተጻፈው ቀን ነው ወይስ በእጄ ከገባበት?

ጠበቃ በትርፍ ሰዓት፦ ቼኩ ላይ ከተጻፈው። ቀን ተጽፎበታል?

ሒሳብ ክፍል፦ ክፍት ነው ብዬ ነበር።

ባለመጋዘኑ፦ አንቺን አልጠየቅኩም።