ጉማሬን «አፍህን ክፈት» ማለት፦ እንክብካቤ ነው ወይስ ግፍ?

የበዛዊት ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ። እሁድ አመሻሽ ከጓደኞቼ ጋር ባሕር ዳር በዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥተን፣ ከታች ዓባይ ላይ ጉማሬዎቹ ብቅ ጥልቅ ሲሉ እናይ ነበር። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየን። ውጭ አገር ያለ መካነ እንስሳት ነው። ጠባቂው እጁን ከፍ ሲያደርግ ጉማሬው ያንን ጎሬ የሚያህል አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ጥርሱን ይቦርሹለታል! ግማሾቻችን ሳቅን። ግማሾቻችን ተናደድን። እስከ ቤት ድረስ ተጨቃጨቅን፣ አልተቋጨም። በግቢ የተያዘ አውሬን ማሰልጠን ይጠቅመዋል ወይስ ይጎዳዋል? ስድብ የለም። ፖለቲካም የለም።

ደንገል፦ ይጎዳዋል። አለቀ። እኔ የታንኳ ቀዛፊ ልጅ ነኝ። ጉማሬ አፉን ከፈተ ማለት «ራቅ በል» እያለህ ነው። አባቴ ያን አፍ ሲያይ ታንኳውን ወደ ዳር ይመልሳል እንጂ ቡርሽ አያነሳም። ጉማሬ ማታ ወጥቶ ሣር ይግጣል፣ ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል። ኑሮው ይሄ ነው። ለካሮት ብሎ አፉን የሚከፍት ጉማሬ ጉማሬነቱ አልቋል።

ዘጌ ቡና፦ «ቡርሽ አያነሳም» 😂😂

ሐኪሟ፦ እኔ የማክመው ከብትና በግ ነው እንጂ አውሬ አይደለም። ስለ ጥርሱ ግን ልናገር። የጉማሬ የታችኛው ክራንቻ ዕድሜ ልኩን ያድጋል። ግማሽ ሜትር የሚደርስ አለ። ላይና ታቹ እየተፋጨ ይሞረዳል። ግቢ ውስጥ ግን አንዳንዴ ተጣሞ ያድግና ድድ ይወጋል፣ ይመግላል። ያኔ ማየት ግድ ነው። አንዱ መንገድ ከሩቅ በማደንዘዣ መርፌ መምታት ነው። የተመታ ጉማሬ ሩጫው ወደ ውሃ ነው። እዚያው ደንዝዞ ሊሰምጥ ይችላል። ውሃ ባይገባም አተነፋፈሱ ያሰጋል። ሁለተኛው መንገድ ማስለመድ ነው። ጫፉ ላይ ኳስ ያለው ዱላ ትዘረጋለህ። በአፍንጫው ሲነካው ፊሽካ ትነፋለህ፣ ወዲያው ካሮት ትሰጣለህ። ፊሽካው «አዎ፣ እሱን ነው» ማለት ነው። በሌላ ቀን ዱላውን ትንሽ ከፍ ታደርጋለህ። እያለ እያለ አፍ መክፈት ይመጣል። በመካከላችሁ አጥር አለ። ካልፈለገ ጀርባውን ሰጥቶህ ይሄዳል። የሚቀርበት ካሮቷ ናት፣ የዕለት መኖው አይነካም። ጅራፍ የሚባል ነገር የለም።

ጋሽ አራሹ፦ ልጆች፣ ስልጠና የምትሉት በእኛ ቋንቋ መግራት ነው። ወይፈን ስንገራ ከለመደ በሬ ጋር እንጠምደዋለን። መጀመሪያ ይተኛል። ቀንበሩን ሊሰብር ይታገላል። ጅራፍ አለ፣ አልዋሽም። እየቆየ አንገቱን ራሱ ያቀርባል። ይሄኔ ያየ ሰው «ይሄ በሬ ሥራ ይወዳል» ይላል። አይወድም። ተስፋ ቆርጦ ነው። ጉማሬያችሁስ አፉን የሚከፍተው ወዶ ነው ተስፋ ቆርጦ? በምን ትለዩታላችሁ?

የበዛዊት ልጅ፦ ኧረ ጋሼ! ይሄንን እሁድ ዕለት ማን በነገረኝ።

ሐኪሟ፦ ጋሼ፣ ጥያቄዎ ከባድ ነው። እኔ የምለየው በእምቢታው ነው። የእርስዎ ወይፈን እምቢ ቢል ይገረፋል። ያኛው እምቢ ቢል ምንም አይደርስበትም። እምቢ ማለት የሚችል እንስሳ እሺ ሲል እሺታው ትርጉም አለው። ድሮ ዝሆንን የሚያሰለጥኑት መንጠቆ ባለው ዱላ ቆዳውን እየወጉ ነበር። ያ የእርስዎ ጅራፍ ነው። ዛሬም ያልተወው አለ። ብዙ ቦታ ግን ከአጥር ወዲህ ሆኖ መሥራት መጥቷል። ዝሆኑ እግሩን በአጥሩ ቀዳዳ አውጥቶ ጥፍሩ ይሞረድለታል።

ደንገል፦ እሺ፣ አሜሪካ ኦርላንዶ የነበረውስ? ቲሊኩም የሚባለው ኦርካ (ገዳይ ዓሣ ነባሪ የሚሉት) በፊሽካና በዓሣ ነበር የሰለጠነው። መንጠቆ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2010 አሰልጣኙን ገደላት። ያ ሁሉ ፊሽካ ምን አተረፈለት? ገንዳው ያው ገንዳ ነው።

ሐኪሟ፦ እዚህ ላይ አልከራከርህም። እሱ ለትርዒት ነበር የሚሠራው። ፊሽካው ጠባብ ገንዳ አያሰፋም።

ቀበሌ 11፦ ሳይኮሎጂ ተማሪ ነኝ፣ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1963 ጄንሰን የተባለ ተመራማሪ አይጦችን በነጻ ምግብና ማንሻ ተጭነው በሚያገኙት ምግብ መካከል አስመረጣቸው። ነጻው ሰሃን ፊታቸው እያለ ብዙዎቹ ከሚበሉት የተወሰነውን እየሠሩ መብላት መረጡ። ከዚያ ወዲህ በሌሎች እንስሳትም ታይቷል። ድመት ግን እዚህ ላይ ሰነፍ ናት 😄 ስለዚህ ሥራ ራሱ ለእንስሳ ጥቅም ሊሆን ይችላል። ቀኑን ሙሉ የሚያደርገው ላጣ አውሬ ሃያ ደቂቃ ማሰብ ትንሽ ነገር አይደለም።

ደንገል፦ ወንድሜ፣ ማረሚያ ቤት ያለ ሰውም ጥልፍ ይጠልፋል፣ ሰፌድ ይሰፋል። ጥልፍ ስለሚወድ ይመስልሃል? ቀኑ አልገፋ ስላለው ነው።

ቀበሌ 11፦ እና ጥልፉን እንቀማው?

ደንገል፦ 😐

ጋሽ አራሹ፦ ይሄ ልጅ መለሰለት።

ደንገል፦ አልመለሰም ጋሼ። ጥልፉ ይኑረው። ግን ጥልፉን አይተን «ደህና ነው» ብለን እንዳንሄድ ነው የምለው። ስሙን የማልጠራው አንድ ግቢ ውስጥ አንበሳ አይቻለሁ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይመላለሳል። ዞሮ ይመለሳል። እንደገና። ሲሚንቶው ላይ መንገድ ሠርቷል። እዚያ ላይ ፊሽካና ሥጋ ብትጨምርበት ደም ለመቅዳት የሚመች አንበሳ ይሆናል። የሚመቸው ግን ለሐኪሙ ነው። ጋሽ አራሹ በሬው ለማን ነው የሚሠራው ቢሉ ኖሮ መልሱ ይሄ ነበር።

ሐኪሟ፦ ልክ ነህ፣ በጣም። ስልጠና የጠባብ ግቢ መሸፈኛ ሲሆን እኔም አልወደውም። ሌላም አለ። አንድ ጠባቂ ብቻ ያስለመደው እንስሳ፣ ጠባቂው ሥራ ሲለቅ ግራ ይገባዋል። ደመወዝ ያነሰው ሰው ነገ ይለቃል። ይሄንን በጀት ውስጥ ማን ያስባል?

አስጎብኚው፦ እናንተ ስለ ውጭ አገር ጉማሬ ትጣላላችሁ፣ እኔ እዚሁ ጣና ዳር የሠለጠኑ ጦጣዎች አሉኝ 😅 ሙዝ ሳሳያቸው ይወርዳሉ፣ ቱሪስቱ ፎቶ ያነሳል። ፊሽካ የለ፣ አጥር የለ፣ ነጻ ናቸው። የሐረርን ጅብ አስቡት። በራሱ እግር መጥቶ በልቶ ይሄዳል። ከዚህ የተሻለ ስልጠና አለ?

ዘጌ ቡና፦ አንተ ነህ ለካ! ባለፈው የእህቴን ሳምቡሳ ከእጇ ላይ የነጠቃት የአንተ ተማሪ ነው።

ሐኪሟ፦ ወንድሜ፣ እውነት ብለሃል፣ አሠልጥነሃቸዋል። መንጠቅ ነው ያስተማርካቸው። ጦጣዋ እጅህ ላይ ስትዘል ሙዙን ለቀቅህላት፣ ፊሽካው ያ ነው። አንዳንዴ መስጠት፣ አንዳንዴ መከልከል ደግሞ ሁልጊዜ ከመስጠት ይልቅ ልማዱን ያጠነክረዋል። ነገ ልጅ ትነክሳለች። ያኔ በድንጋይ የምትባረረው እሷ ናት እንጂ አንተ አይደለህም። እኔ ከሠለጠነው ጉማሬ ይልቅ የአንተ ጦጣዎች ናቸው የሚያሳስቡኝ።

ደንገል፦ በዚህስ ተስማማን።

አስጎብኚው፦ እንዴ፣ ሁላችሁም በእኔ ላይ ዞራችሁ? ቅዳሜ እንግዳ አለብኝ። ምን ላድርግ?

ሐኪሟ፦ ምንም ምግብ አታሳይ። እንግዶችህም አያሳዩ። ከሩቅ ፎቶ ይነሳ። ግን አስቀድሜ ልንገርህ፣ መጀመሪያ ይብሳሉ። የለመደው ነገር ሲቀርበት ማንም የበለጠ ይጮኻል፣ የበለጠ ይሞክራል። እዚያ ላይ ተሸንፈህ አንዲት ሙዝ ከሰጠህ «የበለጠ ስጮህ ይሰጠኛል» ብለህ አስተማርካቸው ማለት ነው።

አስጎብኚው፦ (ከአራት ቀን በኋላ) ዶክተር፣ ሞክሬያለሁ። ዛሬ አንዷ ኮፍያዬን ነጥቃ ዋርካው ላይ ወጣች።

ሐኪሟ፦ ጎሽ። ያልኩህ ነው። ሙዝ አሳይተህ እንዳታስወርዳት።

አስጎብኚው፦ ኮፍያዬስ?

ሐኪሟ፦ እርሳው።

ደንገል፦ እምቢ የማለት መብት አላት 😂