ክርክር፦ የመሃል ከተማው ንጣፍ ውሃ ይጠጣ ወይስ ያንሸራትት?

ባለሱቋ (ስታዲየም አካባቢ)፦
ባለፈው ሐምሌ አንድ ከሰዓት የጣለው ዝናብ አርባ ደቂቃ አልሞላም። ሱቄ ግን እስከ ቁርጭምጭሚት ውሃ ገባው። ታችኛው መደርደሪያ ላይ የነበረው ደብተር በሙሉ ተበላሸ። ውሃው የመጣው ከጣሪያ አይደለም፤ ፊት ለፊቴ ካለው አዲስ ንጣፍ ላይ ተንሸራትቶ ነው። ድሮ እዚያ አፈርና ሣር ነበር። አሁን ሁሉም ተነጥፏል። ያምራል፣ አልክድም። ግን ጠብታ አይጠጣም።

ውሃ የሚያሰርግ ንጣፍ አለ። በብሎኬቶቹ መሃል ክፍተት ይተዋል። ክፍተቱን ደቃቅ ጠጠር ይሞላዋል፣ ከሥር ደግሞ ወፍራም የጠጠር አልጋ አለ። ውሃው እዚያ ገብቶ ቀስ እያለ ወደ አፈር ይወርዳል። ለሐይቅ ዳር መንገድ ጥሩ ነው ሲባል እሰማለሁ። እኔ ደግሞ መሃል አዲስ አበባም የእግረኛ መንገዱና መኪና ማቆሚያው እንዲህ ይሠራ እላለሁ። እስቲ ተከራከሩኝ።

የመንገድ መሐንዲስ፦
እህቴ፣ ለደረሰብሽ አዝናለሁ። ግን ሐይቅ ዳር ሜዳ ነው፣ እኛ ደግሞ የእንጦጦ እግር ሥር ነን። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቦሌ ስንደርስ ወደ 2,300 ወርደናል። ቸርችል ጎዳና ላይ ውሃው ለመስረግ ጊዜ የለውም፣ ይሮጣል። ጠጠሩ ውስጥ የገባውም ቁልቁል ሄዶ ታች ላይ ተመልሶ ይወጣል። በዚያ ላይ ዋልካ አፈር አለን። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የተማርነውም የሠራነውም ውሃን ከመንገድ ሥር ማራቅ ነው።

ባለሱቋ፦
አስፋልቱን ማን ነካው? ከባድ መኪና የሚሄድበት እንዳለ ይሁን። ሒሳቡን ግን እይልኝ። 1,000 ካሬ ሜትር መኪና ማቆሚያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 30,000 ሊትር ውሃ ነው። ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ሦስት ይሞላል። ያ ሁሉ በአንዴ ወደ አንድ ቱቦ ይነዳል። ከሥሩ 30 ሳንቲ ሜትር ጠጠር ቢኖርስ? በጠጠር መሃል ያለው ባዶ ቦታ 40 በመቶ ገደማ ነው። 120 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይይዛል ማለት ነው። ግማሹ በደለል ቢዘጋ እንኳ ያን ዝናብ ሁለት ጊዜ ይችለዋል።

ድንጋይ ጠራቢው፦
እኔ ኮብልስቶን ጠርቤም አንጥፌም ኖሬያለሁ። ስለ ደለሉ እኔ ልናገር። ኮብልስቶን አሸዋ ላይ ነው የሚነጠፈው። መጀመሪያ ሰሞን በመገጣጠሚያው ትንሽ ውሃ ይወርዳል። ሁለት ክረምት ሲያልፍ ጭቃው ይሞላውና እንደ ሲሚንቶ ይሆናል። አንድ ሰው ቤት ሊያድስ መንገድ ላይ አሸዋ ይከምራል፣ እዚያው ሲሚንቶ ያቦካል። ቀጥሎ ቱቦ ሊቀብሩ የሚቆፍሩት ይመጣሉ። ድንጋዩን ሲመልሱ ከሥሩ ያገኙትን አፈር ይደለድላሉ። የአንድ ወር ሥራ በአንድ ቀን ይበላሻል።

ይሄ የምትዪው ንጣፍ ደግሞ ከኮብልስቶን የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሌላ አገር በሚመጥ ማሽን ነው የሚያጸዱት። እኛ ጋ እናቶቻችን በሌሊት ተነስተው በመጥረጊያ ይጠርጋሉ፤ አቧራው ወደ ክፍተቱ መግባቱ አይቀርም። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። መሣሪያውን የሰጣቸው የለም። ማሽኑ ከንጣፉ ጋር አብሮ ካልተገዛ እኔ ተቃዋሚ ነኝ።

ቀበና ያደጉት አዛውንት፦
ልጆቼ፣ ሐይቅ ዳር አይደለንም ማለታችሁን አልቀበልም። ከስታዲየም የሚወርደው ውሃ ወዴት ይሄዳል? ወደ ባንቺይቀጡ ወንዝ። ባንቺይቀጡ ወደ ቀበና፣ ቀበና ወደ ትልቁ አቃቂ፣ አቃቂ አባ ሳሙኤል ሐይቅ። ከዚያ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። ከመንገዳችን የታጠበ ዘይትና ፌስታል ሁሉ መሄጃው ሐይቅ ነው። ልጅ ሳለን ቀበናን እንዋኝበት ነበር። አሁን ልጄን አጠገቡ አላስደርስም።

የአቃቂ ነዋሪ፦
አባቴ፣ እርስዎ ያሉት እውነት ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ከተማው ከሚጠጣው ውሃ ቀላል የማይባለው ከእኛ ሰፈር ጉድጓድ ነው የሚወጣው። የጋራዥ ዘይትና የሽንት ቤት ፍሳሽ የተቀላቀለበት ጎርፍ መሬት ውስጥ ይግባ ስትሉ አስቡበት።

የመንገድ መሐንዲስ፦
ትክክል ነው። ጋራዥና ላቫጆ ያለበት ቦታ ፈጽሞ አይደረግም። ስለ ቁልቁለቱ ግን ከመጀመሪያው ሐሳቤ ትንሽ ልመለስ። ከንጣፉ ሥር እንደ እርከን ግድግዳ ቢሠራ ውሃው በየደረጃው ይያዛል፤ ገበሬዎቻችን ተራራውን የሚያርሱት እንደዚያ ነው። ዋልካ ላይ ደግሞ ከጠጠሩ ሥር ላስቲክ ተነጥፎ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ይገባል። ያን ጊዜ ውሃው አይሰርግም፣ ይዘገያል እንጂ።

ባለሱቋ፦
እኔም እኮ የምለምነው መዘግየቱን ነው! በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንብልናል፣ አብዛኛው በክረምት። የሚያጥለቀልቀን ሁሉም በአንድ ሰዓት ቱቦው አፍ ላይ ሲደርስ ነው። ሁለት ሰዓት ቢዘገይልኝ ደብተሬ ይተርፍ ነበር።

ድንጋይ ጠራቢው፦
ማሽኑ ተገዛ እንበል። የጠጠሩን ነገርስ? ንጣፉ ከተዘጋ በኋላ ከሥሩ ያለው አይታይም። 30 ሳንቲ የተባለው 10 ሆኖ ቢቀር ማን ያውቃል? በሥራ ዘመኔ እንዲህ ሲደረግ በዓይኔ አይቻለሁ።

ባለሱቋ፦
ከመሸፈኑ በፊት የሰፈሩ ሰው ይጠራና ይለካዋ። በእኔ ሱቅ ፊት ሲሠራ ሜትሩን ይዤ ጉድጓዱ አፍ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። አንተም ናልኝ፤ ጠጠሩን ከእኔ የተሻለ ታውቀዋለህ።