ማህበራቱ የየራሳቸውን ዳታ ብቻ እንዲያዩ እንዴት ላድርግ?

አዌቱ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ፣ አንድ የቡና ዩኒየን ውስጥ ዳታ ላይ ነው የምሠራው። የእሸት ቡና ርክክቡ ሁሉ ፖስትግሬስ የሚባል ዳታቤዝ ውስጥ ይገባል፤ የገበሬው ስም፣ ስልክ፣ ቀበሌ፣ ኪሎ፣ የተከፈለው ዋጋ። ከላዩ ቁጥሮቹን በስክሪን የሚያሳይ ዳሽቦርድ አለ። ችግሩ፣ የሁላችንም ፓስዎርድ አንድ ነው፤ እሱም ስክሪኑ ጥግ ላይ በፕላስተር ተለጥፏል። ባለፈው ሳምንት ከጎማ ወረዳ የመጣ የማህበር ጸሐፊ፣ ማና ወረዳ ያለው ማህበር በኪሎ ስንት እንደከፈለ አይቶ ቢሯችን ድረስ ለጠብ መጣ። ቴብሉን ለየማህበሩ ኮፒ አድርጌ ልለያየው አስቤ ነበር። 23 ማህበር ነው። ያዋጣል?

ቦዬ፦ እህቴ፣ ኮፒውን ተይው። አንድ ኪሎ የታረመ ቀን የትኛው ኮፒ ትክክል እንደሆነ ይጠፋሻል። ፖስትግሬስ ከቨርዥን 9.5 ጀምሮ ሮው ሌቭል ሴኩሪቲ (ማን የትኛውን ረድፍ እንደሚያይ የሚወስን ጥበቃ) አለው። ቴብሉ አንድ ሆኖ፣ "የማህበር ኮዱ ከገባው ሰው ኮድ ጋር የሚገጥመውን ረድፍ ብቻ አሳይ" የሚል ፖሊሲ ትጽፊበታለሽ። ፈቃዱን በሰው ስም ሳይሆን በሥራ ስጪ፦ ጸሐፊ፣ ሂሳብ፣ ሥራ አስኪያጅ። ጸሐፊው ሲቀየር ሮሉን (የፈቃድ ጥቅሉን) ከአንዱ ነጥቆ ለሌላው መስጠት ነው። ደግሞ ስልክ ቁጥር ለዳሽቦርድ ምን ያደርግለታል? አውጪው።

ኪቶ፦ ልክ ነው፣ ግን እኔን ሁለት ቀን ያስለፋኝን ልንገርሽ። ፖሊሲውን ጽፌ ብሞክረው ሁሉም ረድፍ ይታየኛል። ለካ የገባሁት ቴብሉን በፈጠርኩበት ስም ኖሯል! ፎርስ ሮው ሌቭል ሴኩሪቲ ካላልሽ ፖሊሲው የቴብሉን ባለቤት አይነካውም፤ ሱፐርዩዘርን (ሁሉ የተፈቀደለትን አካውንት) ደግሞ ብትዪም አይነካውም። ቪውም (እንደ ቴብል የሚነበብ የተቀመጠ ኩዌሪ) በባለቤቱ ሥልጣን ነው የሚያነበው። ቨርዥን 15ና ከዚያ በላይ ከሆንሽ ሴኩሪቲ ኢንቮከርን አብሪለት፤ ያኔ በጠያቂው ሥልጣን ያነባል።

አዌቱ፦ ዳሽቦርዱ ከዳታቤዙ ጋር የሚገናኘው በአንድ ስም ነው። ታዲያ ማን እንደገባ በምን ያውቃል?

ቦዬ፦ ዳሽቦርዱ የራሳችሁ ሥራ ከሆነ፣ በየትራንዛክሽኑ መጀመሪያ የማህበሩን ኮድ በሴት ሎካል (ትራንዛክሽኑ ሲያልቅ በሚጠፋ ቅንብር) ይላክ፣ ፖሊሲው ያነበዋል። "ሎካል" የምትለዋን እንዳትረሻት። አለዚያ አንዱ ኮኔክሽን በፑል ከተጠቃሚ ወደ ተጠቃሚ ስለሚዞር የጎማው ኮድ ሳይጠፋ ለማናው ሰው ይደርሰዋል። ተጠቃሚው ራሱ ኤስኪውኤል (የዳታቤዝ ትእዛዝ) የሚጽፍበት ሳጥን ካለ ግን ልፋትሽ ከንቱ ነው፤ ኮዱን ራሱ ይቀይረዋል።

ሰቃ፦ ዳሽቦርድ ላይ የሚወጣውን የቀበሌ አማካይ ዋጋ ረሳችሁት። ከአንድ ቀበሌ ሁለት ገበሬ ብቻ ካስረከቡ፣ አንደኛው የራሱን ዋጋ ስለሚያውቅ የጎረቤቱን ወዲያው ያወጣዋል። እኛ ከ5 ሰው በታች ሲሆን ቁጥሩን አናሳይም። ኤክሴል ማውረጃውንም እዪው፤ አንዴ ከወረደ ማደሪያው ቴሌግራም ነው። ስምና ስልክ የግል ዳታ ነው፣ አዋጅ 1321/2016ም ወጥቶለታል።

አዌቱ፦ ተባረኩ። ፕላስተሩን ነቅዬዋለሁ። በጎማ ስም የሙከራ አካውንት ከፍቼ ገባሁ፣ የጎማው ብቻ ታየኝ። ኤክሴሉን ለሂሳብ ብቻ ተውኩት። አሁን ሥራ አስኪያጁ "ሱፐርዩዘሩን ለእኔ ስጪኝ" ብለው ይዘውኛል፤ ምን ልበላቸው?

ኪቶ፦ ሁሉን የሚያይ፣ ምንም የማይቀይር ሮል ስጪያቸው። "ከእርስዎ የሚደበቅ ረድፍ የለም" በያቸው፤ አልዋሸሽም።