ካምቢዮው ነው ወይስ ባትሪው? የስፖርት መኪናዬን በተመለከተ ምክራችሁን እሻለሁ

የተከበራችሁ የሙያው ባለቤቶችና ልምዱ ያላችሁ ባለ መኪናዎች፣

ሜሪላንድ የምኖር ሲሆን፣ ለዓመታት ቆጥቤ ከ8 ወር በፊት ባለ 7 ማርሽና ባለ ሁለት ፍሪሲዮን (የሞተሩን ኃይል ከማርሹ ጋር የሚያገናኝና የሚለያይ ክፍል) አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ ማለትም የማርሽ ሳጥን፣ ያለው ያገለገለ የስፖርት መኪና ገዛሁ።

ችግሩ የሚከሰተው መኪናው ሁለት ሦስት ቀን ቆሞ በብርድ ጠዋት ሲነሳ ነው። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ሲቀይር በኃይል ይነጥራል፤ ወዲያው ዳሽቦርዱ ላይ የጥርሳም ማርሽ ምልክት ያለው ቢጫ መብራት ይበራል፣ ስክሪኑ ለጥቂት ሰከንዶች ይጨልማል፣ ካምቢዮውም ሦስተኛ ማርሽ ላይ ቀጥ ይላል። ሞተሩን አጥፍቼ ከ10 ደቂቃ በኋላ ሳስነሳው ግን ምንም እንዳልነበረበት ይሄዳል።

እንዲህ ዓይነቱ ካምቢዮ አንደኛን፣ ሦስተኛን፣ አምስተኛንና ሰባተኛን በአንዱ ፍሪሲዮን፣ ሁለተኛን፣ አራተኛንና ስድስተኛን በሌላው ስለሚይዝ፣ መጀመሪያ የጠረጠርኩት የሁለተኛው ፍሪሲዮን ማለቅን ነበር። አንድ ጋራዥ ደግሞ ሳይፈታ ሳይመረምር ካምቢዮው በሙሉ ይቀየር አለኝ፤ ይህን ለመቀበል እቸገራለሁ። ምክንያቱም ችግሩ በታየበት ጠዋት ባትሪውን ራሴ ስለካው 11.8 ቮልት ብቻ አሳየኝ፤ በደንብ የተሞላ ባትሪ ግን ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ገደማ ሊያሳይ ይገባል። ስክሪኑና ካምቢዮው በአንድ ጊዜ መታወካቸውም ጥርጣሬዬን ወደ ኤሌክትሪኩ አዙሮታል።

ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁ፣ ባትሪው ሲቀየር ካምቢዮው በኮምፒዩተር እንደገና መስተካከል ነበረበት? ዘይቱንና ፊልትሮውን መቀየርስ ንጥረቱን ቀንሶላችኋል? መኪናው ቆሞ ሳለ ባትሪውን የሚጨርሰውን ዕቃስ በምን ዘዴ ለያችሁት? ያያችሁትን በዝርዝር ብትጽፉልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።