ክርክር፦ «ሰርዙልን» ያለህን ደንበኛ ሥራውን ሠርተህ ሙሉ ዋጋ ማስከፈል ልክ ነው?

አወያይ፦ የዛሬው መነሻ ከብሪታንያ ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. የስኮትላንዷ ክላይድባንክ ውስጥ የአንድ ጋራዥ የሽያጭ ኃላፊ ውል ፈረመ። ዋይት ኤንድ ካርተር የተባለ ድርጅት የጋራዡን ማስታወቂያ የመንገድ ቆሻሻ መጣያዎች ላይ ለሦስት ዓመት ሊለጥፍ። ጋራዡ በዚያው ቀን «ሰርዙልን» ብሎ ጻፈ። ድርጅቱ አሻፈረኝ ብሎ ለጠፈ። ሳይከፈለው ሲቀር የሦስቱን ዓመት ሙሉ ዋጋ፣ 196 ፓውንድ ከ4 ሺሊንግ፣ ጠየቀ። ያኔ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ የነበረው የሎርዶች ምክር ቤት 3 ለ 2 ፈረደለት። የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶችም ይከተሉታል። ምን ትላላችሁ?

ነጋዴው፦ ልክ ነው እንጂ! የፈረመው እሱ፣ ያፈረሰው እሱ። የሱ ሐሳብ በተቀየረ ቁጥር እኔ ሌላ ደንበኛ ፍለጋ ልንከራተት?

የሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ወንድሜ፣ ይሄ እልህ ነው። ድርጅቱ ውሉን አቋርጦ ካሳ መጠየቅ ይችል ነበር። ካሳ ከሆነ ግን ኪሳራውን ለመቀነስ ያልጣረበት ይቀነስበታል። «ሥራዬን ጨርሻለሁ፣ ዕዳዬን ክፈለኝ» ሲል ያ ጣጣ የለበትም። ብልጠቱ እዚህ ጋ ነው።

የሕግ ተማሪው፦ ሎርድ ሪድን ረሳችሁት። ከፈራጆቹ አንዱ ነው፤ ሁለት ገደብ አስቀምጧል። አንደኛ፣ ያለ ሌላው ወገን ትብብር ሥራውን መጨረስ መቻል አለብህ። ሁለተኛ፣ ለመቀጠል ተገቢ ጥቅም ሊኖርህ ይገባል። በኋላ ባንግላዴሽ ውስጥ ቺታጎንግ ወደብ ላይ ጥጥ የያዙ 35 ኮንቴይነሮች ተቀምጠው ቀሩ። የመርከብ ድርጅቱ ኮንቴይነሮቹ ስላልተመለሱለት የመዘግየት ክፍያ በየቀኑ ሲቆጥር ከ1 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። የእንግሊዝ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2016 እ.ኤ.አ. «የውሉ ዓላማ ከከሸፈ በኋላ ውሉ አለ እያልክ መቁጠር አትችልም» አለው።

ነጋዴው፦ እሺ፣ የኮንቴይነሩ ገባኝ። ግን «ተገቢ ጥቅም» የሚለውን ማን ይለካዋል?

ምግብ አዘጋጇ፦ ልጆች፣ የኔን ስሙኝማ። እዚሁ ለንደን ለ200 ሰው የሠርግ ምግብ ተዋዋልኩ። ሠርጉ አራት ቀን ሲቀረው «ሌላ ሰው ይዘናል» ብለው በዋትስአፕ ላኩልኝ። አንድ ጆንያ ሽንኩርት ተከትፎ፣ ዶሮው ተገነጣጥሎ። አብስዬ ብወስድስ ይከፍሉኝ ነበር?

የሕግ ተማሪው፦ እትዬ፣ እሱ ይከብዳል። አዳራሹን የሚከፍቱት እነሱ፣ እንግዳውም የነሱ። ያለ እነሱ ትብብር አያልቅም። የሚያዋጣዎት ካሳ ነው፦ ያጡት ትርፍና ያወጡት ወጪ። ለመክሰስ የሠርጉን ቀን መጠበቅም አያስፈልግም ነበር፤ ይሄ ሆችስተር በሚባለው የ1853 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ፍርድ ጀምሮ የታወቀ ነው። ያን ቀን ሌላ ሥራ አግኝተው ከሆነ ግን ይቀነሳል።

የሒሳብ ሠራተኛዋ፦ አየህ፣ እሳቸው በካሳ ብቻ ሲወሰኑ የቆሻሻ መጣያው ድርጅት ሙሉውን በላ!

የሕግ ተማሪው፦ እትዬ፣ ምን ብለው መለሱላቸው?

ምግብ አዘጋጇ፦ «እሺ የኔ እህት፣ ቀናችሁ ይባረክ።»

የሕግ ተማሪው፦ ወይኔ! «እሺ» ካሳዬን ማርኩ ማለት አይደለም። ግን «ተስማምታ ነው የቀረው» ብለው ይከራከሩበታል። «ውሉን ያፈረሳችሁት እናንተ ናችሁ፣ ካሳ እጠይቃለሁ» የምትል አንድ መስመር ብትጨመርበት ኖሮ…

ነጋዴው፦ ሽንኩርቱስ ምን ሆነ?

ምግብ አዘጋጇ፦ ጎረቤት ሁሉ ወር ሙሉ ዶሮ ወጥ በላ።